አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር

ባቡሩ ድሬዳዋ የሚገባው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሐዲዱ ከተነቀለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

ተሳፋሪዎቹ ከዘጠኝ ተኩል ጀምረው ከዚራ ባለው አሮጌው ለገሃር ይሰበሰባሉ። በሩ ላይ ቲኬት ይሰጣቸዋል፤ ቆብ ያጠለቀ ተቆጣጣሪ ቲኬቱን ይበሳዋል፤ ሻንጣ የያዘ ሰው ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ሻንጣው ባዶ ነው። አሥር ሰዓት ሲሞላ ሐዲዱ በነበረበት ላይ ብርሃን ይዘረጋል፤ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ የጅቡቲው ባቡር ጡሩምባውን ነፍቶ ይገባል። የሚወርድ የለም፤ የሚሳፈርም የለም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁሉም ባዶ ሻንጣውን አንስቶ ወደመጣበት ይመለሳል።

በሁለት ሺህ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት የድሬ ሰው ይህን እንደ ሥራ ለምዶታል። ሥራም ነው። በአርባ አገር የተበተኑ አራት መቶ ሺህ የጥንት ባቡር ወዳጆች በየቤታቸው መነጽር አድርገው አብረው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ አጠገባቸው እውነተኛ የአገሩ ሰው ሲያስል፣ ሲያዛጋ፣ ላቡን ሲጠርግ ማየት ይፈልጋሉ። በመዝገብ የእነዚህ ሰዎች መጠሪያ «ድባብ» ነው። ድባብ የሆነ ሰው ስልክ አያወጣም፤ ዘመኑን የሚያሳብቅ ልብስም አይለብስም። ብዙዎቹ የሚመጡት ግን ለባቡሩ ብለው አይደለም። ውጭ ሙቀቱ አርባ ስድስት ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ሃያ ሁለት።

ኢፍቱ ድሬ ውስጥ ገንደ ቆሬ ሠፈር ተወልዳ፣ በአሥራ አራት ዓመቷ ለትምህርት ወደ ቻይና ሄዳ፣ ቼንዱ ከተማ አሥራ ስድስት ዓመት ኖራ የተመለሰች ሴት ናት። ከተመለሰች ስምንት ወሯ ነው፤ በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ቤት ቀይራለች። አንደኛው ይሞቃታል፣ ሁለተኛው ይጮህባታል፣ ሦስተኛው ምን እንደጎደለው ራሷም አታውቀውም። የተማረችው አሮጌ ምስል ማጥራት ነው፤ የተቀጠረችውም በዚያው ሙያ በምስል ማጥሪያ ጽሕፈት ቤት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳው ላይ በትልቁ «ውሃን ከጥሩ» ብሎ ጽፏል። ከፊቱ የነበረውን «ነገርን ከሥሩ» የሚለውን ማን እንደቆረጠው ብትጠይቅ የሚነግራት አላገኘችም።

በዚያ ዓመት የባቡር ወዳጆቹ አቤቱታ አቀረቡ። በየቀኑ የሚገባው ባቡር ከየትም ያልተቀረጸ፣ ማሽን የፈጠረው ነውና እውነተኛ ፊልም ይምጣልን አሉ። ተፈልጎ ተገኘ፤ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት አንድ የባቡር ፍቅር የያዘው ፈረንጅ በከተማው መግቢያ፣ ኩርባው ላይ ቆሞ የቀረጸው የአሥራ አራት ደቂቃ ካሴት። ወዳጆቹ ደስ አላቸው። ከተደሰቱ በኋላ ደግሞ አየት አደረጉትና፣ ይንቀጠቀጣል፣ ደብዝዟል፣ ብዙ ግርግር አለበት፤ እባካችሁ ይጥራልን አሉ።

ማጥራት ሕግ አለው። ሰው ሁሉ የየራሱን ፊልም ይዞ መካካድ በጀመረበት ዘመን የወጣ ነው፤ አንድ ነገር አንድ ምስል ብቻ ይኑረው ይላል። የጠራው ሲጸድቅ ዋናው ይዘጋል። መዘጋት ማለት ከዚያ በኋላ በማንም እጅ፣ በየትም ቦታ አለመኖር ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ «መጥፋት» የሚለውን ቃል አይወደውም። ለማጽደቅ ነገሩን በዓይኑ ያየ፣ በሕይወት ያለ ምስክር ያስፈልጋል። የሰው ድምፅ መኮረጅ ከቀለለ ወዲህ በቃል ምስክርነት የሚያምን የለም፤ ስለዚህ ምስክሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ የጠራውን፣ ቀጥሎ ዋናውን ያያል፤ ከተስማማ እጁን ከትከሻው በላይ ያነሳል። ከምስክሮች ሁሉ አንድ እጅ ከተነሳ ይበቃል። ማንም ካላነሳ ዋናው ሳይነካ አሥር ዓመት ይቆያል፤ ምስክሮቹም በፈለጉ ጊዜ መጥተው ሊያዩት ይችላሉ።

ለዚህ ካሴት የተገኘው ምስክር አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሙሜ ዑመር ይባላል፤ ሰማንያ አምስት ዓመቱ ነው፤ በወጣትነቱ የምድር ባቡሩ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነበር። ኢፍቱ ስለ ሥነ ሥርዓቱ ልታስረዳው ለገሃሬ ሠፈር ወደሚገኘው ቤቱ ሄደች። ኒም ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ፣ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ? አቶ ሙሜ እርስዎ ነዎት?» አለችው።

ሽማግሌው ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ግድግዳ አየ። «ማንን ነው? ሌላ ሰው አብሮኝ አለ እንዴ?»

«እርስዎን ነው።»

«አቦ ተይኝ። የድሬ ልጅ አይደለሽም? የማን ልጅ ነሽ?»

የሚስኪ የልጅ ልጅ መሆኗን ነገረችው።

«ታዲያ አያትሽ እኮ እኔን ‹አንተ ቀዥቃዣ› ነበር የምትለኝ። አንተ በይኝ። አለዚያ ፊልምሽን ለግድግዳው አሳዪው።»

አንተ አለችው፤ አፏ ላይ ከበዳት። ከዚያ የጠራውን ፊልም በያዘችው ሰሌዳ ላይ ከፈተችለት። ዋናውን ከጽሕፈት ቤቱ ማውጣት አይፈቀድም ነበር። በጠራው ፊልም ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ ፉርጎዎቹ ትናንት የተቀቡ ይመስላሉ፤ ጡሩምባው እንደ ዋሽንት ያለ አንድ ለስላሳ ድምፅ ነው። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ከሦስተኛው ፉርጎ መስኮት አንዲት ነጭ ባርኔጣ ያደረገች ሴት መሐረብ ታውለበልባለች።

ሙሜ ሰሌዳውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ይህቺ ማናት?»

«ተሳፋሪ ናት። ማሽኑ ነው ያስገባት፤ ቦታው ባዶ እንዳይመስል።»

«ባዶ አልነበረም» አለ ሙሜ። «እዚህ መስኮት ላይ የነበረችው እናቴ ናት።»

ከዚያ በኋላ ያወራላትን ኢፍቱ አገሯ ተወልዳ ሰምታው አታውቅም። በዚያ ዘመን የድሬ ሴቶች፣ አያቷ ሚስኪም ጭምር፣ ጅቡቲ ወርደው ልብስ፣ ሽቶ፣ ሳሙና፣ ሬዲዮ ይዘው ይመጡ ነበር። ኮንትሮባንድ ነው፤ ለገሃር ላይ ፊናንሶች፣ የጉምሩክ ዘበኞች፣ ቆመው ይጠብቃሉ። የባቡሩ ነጂ ግን የሰፈር ሰው ነው፤ የአንዷ ወንድም፣ የአንዷ ባል። ፊናንስ እንዳለ ወሬ ከደረሰው ኩርባው ላይ ቀስ ይልና ጡሩምባውን አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ይነፋል። ያኔ ከየመስኮቱ ጥቅል ይዘንባል። ከታች የሠፈሩ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ይቀልባሉ፤ ቀልበውም በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ይሮጣሉ። የማንም ልጅ የማንንም ጥቅል ይይዛል፤ ማታ ጥቅሉ ሁሉ ከየባለቤቱ ቤት ይገባል። አስቀረ የተባለ ልጅ አልነበረም። ጡሩምባውን ሰምቶ እጁን ያላነሳ ልጅ ግን ሠፈር ውስጥ መቆሚያ አልነበረውም።

እናቱ ዛህራ ትባል ነበር። ያ ፈረንጅ ግንብ ላይ ቆሞ ሲቀርጽ ሙሜ ከሥር ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዛህራ አይሻ ጣቢያ አጠገብ ከባቡሩ ወድቃ ሞተች። ፎቶግራፍ አልነበራትም። ሙሜ መልኳን እያጣው ነው፤ ሻሿ ቀይ እንደነበር ብቻ ያስታውሳል፤ ፊቷን ለማየት ሲሞክር የእህቱ ፊት ይመጣበታል።

ኢፍቱ ዋናውን ጽሕፈት ቤት ውስጥ አይታዋለች። ጥቅሎቹንም አይታለች። ከእያንዳንዱ ጥቅል ጎን ማሽኑ የጻፈውን ታውቀዋለች፤ «ከባቡር የሚወድቅ ነገር፤ ቆሻሻ፤ ይነሳ» ይላል። ያ መለያ የራሷ ነው። ቼንዱ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች በአንድ መንፈቅ ስድሳ ሺህ ምስል ፊት ተቀምጣ ማሽኑን ስታስተምር፣ ከባቡር መስኮት የሚወድቅ ምን ሊሆን ይችላል ብላ ራሷን ጠይቃ፣ ቆሻሻ ብላ የመለሰችው እሷ ናት። ይህን ለሙሜ አልነገረችውም። የነገረችው እጁን እንዳያነሳ ብቻ ነው። ካላነሳ ዋናው ይቆያል፤ ሲፈልግ እየመጣ እናቱን ያያል።

«አሥራ አራት ደቂቃ ዝም ብዬ መቀመጥ?» ሳቀ ሙሜ። «እኔ እኮ በርጫ ላይ ጫቴን ይዤ ስድስት ሰዓት ግድግዳ መስዬ የምቀመጥ ሰው ነኝ።»

ቀኑ ሲደርስ ንጹሕ ሽርጥ አገልድሞ፣ ጢሙን ሒና ተቀብቶ መጣ። ኢፍቱ ከመስታወቱ ጀርባ ቆመች። የጠራው ሲታይ ሙሜ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ባለባርኔጣዋ ሴት ስትመጣ አፉን ጠመም አደረገ እንጂ አልተነቃነቀም። ቀጥሎ ዋናው መጣ። አመድማ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ጭረት የበዛበት ነው። ልጆች ይጯጯሃሉ፤ ፍየል ታልፋለች፤ ፈረንጁ ከካሜራው ጀርባ ያስላል። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ከሩቅ ጡሩምባው ጮኸ። አንድ ረጅም። ሁለት አጭር።

የሽማግሌው ጀርባ ቀጥ ሲል ኢፍቱ አየች። ከየመስኮቱ ሴቶች ወጡ። ከሦስተኛው ፉርጎ ቀይ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ሴት እስከ ወገቧ ወጥታ፣ ጥቅሏን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ፣ ወደ ታች አንድ ሰው ስትፈልግ ዓይኗን አንከራተተች። አገኘችው። ወረወረች። ሙሜ ከወንበሩ ተነስቶ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ መዳፎቹ ተከፍተው ነበር።

ከመስታወቱ በላይ አረንጓዴ መብራት በራ።

ኢፍቱ ወዲያው አዲስ አበባ ላለው አለቃዋ ደወለች። አቶ ኖላዊ ይባላል፤ ትሑት ሰው ነው፤ ማንንም አቋርጦ አያውቅም። ስለ ጡሩምባው፣ ስለ ፊናንሱ፣ ስለ ልጆቹ ስታስረዳው እስከ መጨረሻው ሰማት።

«እጃቸው ከትከሻ በላይ ተነስቷል ወይስ አልተነሳም?» አላት።

«ተነስቷል፣ ግን...»

«ከ‹ግን› በፊት ያለው ይበቃናል፣ ወይዘሪት ኢፍቱ።»

ካሴቱ በዚያው ሰዓት ተዘጋ። ስትወጣ ሙሜ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ መዳፎቹን እያየ ነበር። ልታጽናናው ስትል ቀደማት።

«ያን ቀን ጥቅሏ አምልጦኛል» አለ። «ከእጄ ሾልኮ ድንጋይ ላይ ወደቀ፤ ሽቶው ተሰበረ። ሳምንት ሙሉ ሠፈሩ ሽቶ ሸተተ። እሷ ሳቀች እንጂ አልመታችኝም። ዛሬ ግን ልይዘው ነበር።»

ያኔ ኢፍቱ ጥቅሎቹን ለማሽኑ «ቆሻሻ» ብላ የጻፈችው እሷ መሆኗን ነገረችው። ሙሜ ስንት ዓመትሽ ነበር ብሎ ጠየቃት። ሃያ አለችው። «በሃያ ዓመቴ እኔም ብዙ ነገር ጥያለሁ» አለና ምርኩዙን ይዞ ሄደ። ይቅር ማለቱ ይሁን አለመሆኑ አልገባትም።

መናደድ የጀመረችው ከተመለሰች ጊዜ አንስቶ ነው፤ እስከዚያ ቀን ግን በምን እንደምትናደድ አታውቅም ነበር። አሁን አወቀች። እነዚህ የባቡር ወዳጆች የባቡሩን ፍሬን ዓይነት ያውቃሉ፤ የፉርጎውን መንኮራኩር ስፋት በሚሊሜትር ይከራከሩበታል፤ አንድ ብሎን በጠራው ፊልም ላይ ስቶ ቢገኝ አሥር ገጽ አቤቱታ ይጽፋሉ። ባቡሩን ወደዱት። ባቡሩ የተሸከማቸውን ሰዎች ግን ግርግር አሏቸው። ከተማው የለበሰውን፣ የበላውን፣ እሷንም ሳይቀር ቼንዱ ያደረሰውን ያንን ጥቅል ከሰማይ ላይ ለቅመው ጣሉትና በቦታው ባርኔጣ አስቀመጡ። ለዚህ ሥራ እጇን ያዋሰቻቸው ደግሞ እሷ ናት።

አዲሱ ፊልም የሚመረቅበት ቀን በሁለት ሳምንት ተቆረጠ። ኢፍቱ ሕጉን ደጋግማ አነበበች፤ አንቀጽ አሥራ ሰባት ላይ ስትደርስ ቆመች። የምረቃ ሥነ ሥርዓት በአዳራሹ ካሜራዎች ይቀረጻል፤ የተቀረጸውም ራሱን የቻለ ዋና ፊልም ነው፤ ምስክሮቹ በሥፍራው የተገኙት ሁሉ ናቸው።

በማግስቱ ከተማው በሙቀት በሩን በሚዘጋበት በጥላው ሰዓት ወደ ሙሜ ግቢ ሄደች። ከኒሙ ሥር ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ነበር፤ ሁሉም ድባብ ናቸው። ነገሩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። መጀመሪያ ሥራችንን ልታሳጪን ነው ወይ ያለ ሰው ነበር። ቀጥሎ አንዱ አያቱ በዚያ ጥቅል ስድስት ልጅ ማሳደጓን አነሳ፤ ሌላዋም የእናቷን እናት አነሳች። ከዚያ ወዲያ ጸጥታ ጠፋ። ሰዓዳ የምትባል ሳምቡሳ ሻጭ በመጨረሻ ጠየቀች።

«እና ምን እንወርውር?»

«ሻንጣው ባዶ አይደል?» አለ ሙሜ። «ሙሉት።»

በምረቃው ቀን አዳራሹ ሞላ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው። ተቆጣጣሪው ቲኬት እየበሳ ሻንጣዎቹ ዛሬ ለምን እንደከበዱ አልጠየቀም፤ እሱም የሠፈር ልጅ ነው። ኢፍቱ ከኋላ ቆማ ነበር፤ ቼንዱ የተመረቀችበትን ጥቁር ካባ ሁለት ሳሙና ጠቅልላበት ይዛለች። አሥር ሰዓት ሲሞላ ብርሃኑ ተዘረጋ። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ዋሽንት መሳዩ ጡሩምባ ተሰማ፤ በአርባ አገር አራት መቶ ሺህ ሰው በደስታ ተነፈሰ።

ሙሜ ከፊት አግዳሚ ተነስቶ፣ ምርኩዙን ትቶ፣ ሐዲዱ በነበረበት ጎድጓዳ ወረደ። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተና አፏጨ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

ጥቅሉ ዘነበ። ሽርጥ፣ ጫማ፣ የሕፃን ልብስ፣ በፌስታል የታሰረ ስኳር፣ የሰዓዳ ሳምቡሳ፤ ሁሉም በባቡሩ ብርሃን ውስጥ አልፎ ባዶው ሐዲድ ላይ ወደቀ። አንድ ጥቅል በባለባርኔጣዋ ሴት ፊት ውስጥ አልፎ ሄደ። ኢፍቱ የራሷን ወረወረች፤ የት እንደወደቀ ሳታይ መብራቱ ጠፋ። ከወዳጆቹ መካከል አንዱ በዚያው ሰዓት ጥያቄ ልኳል፤ ይህ ልማድ በየትኛው ዓመት የነበረ ነው፣ ፊልሙ ላይ ለምን የለም የሚል። መልስ አልተሰጠውም።

ሙሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥቅል ቀልቤያለሁ እያለ ለሠፈሩ ያወራል። ያመነው የለም። ሰዓዳ፣ «ዓይንህ ሳምቡሳና ጫማ አይለይም፤ ጥቅል ልትቀልብ?» ትለዋለች።

የምረቃው ፊልም ለመጥራት ሦስት ቀን ፈጀበት። ከዚያ ምስክሮቹ በየተራ ተጠሩ። አንድ እጅ ከተነሳ የዚያ ቀን ነገር ሁሉ እንደሚዘጋ የማያውቅ አልነበረም። አንዱ እጆቹን ሚስቱ በኩታ አስራው መጣ። ሰዓዳ ሁለት ሳህን ሙሉ ሳምቡሳ በሁለት እጇ ይዛ ገባች፤ ማስቀመጫ ቢያሳዩዋት ይቀዘቅዛል አለች። አንዲት እናት መንታ ልጆቿን በሁለት ክንዷ ታቅፋ አሥራ አምስቱን ደቂቃ ጨረሰች። ሙሜ እንኳ በዚህኛው ጊዜ ሽርጡን መዳፎቹ ላይ ጠምጥሞ፣ ፉጨቱ ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው ገብቶ ወጣ፤ አረንጓዴው መብራት አልበራም።

የመጨረሻዋ ኢፍቱ ነበረች። አቶ ኖላዊ ራሱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሟል። ከመግባቷ በፊት በትሕትና አነጋግሯታል፤ ሙያዋን እንደሚያደንቅ፣ ቼንዱም ሆነ ሌላ ቦታ ሊጽፍላት እንደሚችል፣ የሚፈለግባት ይህ አንድ እጅ ብቻ እንደሆነ። ከተመለሰች ጀምሮ ስትናፍቀው የኖረችው በር ነበር፤ ተከፈተላት። ቤት አራተኛ ጊዜ መቀየር አያስፈልጋትም ነበር።

ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ከጭኗ ሥር አደረገች።

በጠራው ፊልም ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ባቡሩን ያያል። ሻንጣቸው እግራቸው ሥር ነው። ሙሜ የፊት አግዳሚው ላይ ሆኖ ያጨበጭባል። ራሷን ከኋላ አየች፤ ፈገግ ብላለች፤ ጥርሷ ነጭ ነው።

ቀጥሎ ዋናው መጣ። ሽማግሌው ወደ ጎድጓዳው ወረደ። አፏጨ። ከጭኗ ሥር መዳፎቿ ሲግሉ፣ ክንዶቿ ለመነሳት ሲጎትቷት ተሰማት፤ ይህ ነገር እሷም ውስጥ እንዳለ አታውቅም ነበር። አጥብቃ ተቀመጠችባቸው። ጥቅሉ ዘነበ። ሙሜ መሐሉ ቆሞ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቷል፤ ከኋላ በኩል፣ ከሁሉም ዘግይቶ፣ አንድ ጥቁር ጥቅል ካባው እየተፈታ በረረ። በባቡሩ ብርሃን ውስጥ አለፈ። ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ ተንገዳገደ፣ ቀና አለ።

ደረቱ ላይ ያዘው።